ከተራራው ሥር ቆሞ ማንበብ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ቻይና ጥንታዊ የተፈጥሮ ግጥሞች ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚሽከረከሩት በአንድ ግጥም ዙሪያ ነው። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረው ዱ ፉ (712–770) ስለ ታይ ተራራ የጻፈው፣ «ተራራውን አሻግሮ ማየት» የሚል ርእስ ያለው ባለ 8 ስንኝ ግጥም ነው። ግጥሙ በእጃችሁ ለሌለ አንባቢያን፣ ሐሳቡ ቤት ሳይመታ በተራ አማርኛ ይህን ይመስላል፦

«ዳይ ዞንግ፣ ለመሆኑ እንዴት ያለ ነው? ከቺ እስከ ሉ ልምላሜው አያልቅም። ፍጥረት ረቂቅ ውበቷን እዚህ አከማችታለች፤ ጥላውና ፀሐዩ ምሽትንና ንጋትን ይቆርጣል። ደረትን የሚያናውጥ ንብብር ደመና ይወለዳል፤ የዓይን ጠርዝ እስኪቀደድ ወደ ማደሪያቸው የሚመለሱ ወፎች ይገባሉ። ከጫፉ ጫፍ መውጣት አይቀርም፤ በአንድ እይታ ተራሮች ሁሉ ያንሳሉ።»

ዳይ ዞንግ የታይ ተራራ ሌላ ስሙ ነው። ቺ እና ሉ ከዱ ፉ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበሩ ሁለት መንግሥታት ናቸው፤ ቺ በተራራው ሰሜን፣ ሉ በደቡቡ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ (የጂኦግራፊ መምህር፣ ከደባርቅ)፦ ታይ ተራራ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከአዲስ አበባ እንኳ ዝቅ ይላል። ገጣሚው ታላቅነቱን ያን ያህል የሚያወድሰው ከፍ ያለ ተራራ ስላላየ ነው?

ቁጥሩ ትክክል ነው። ታይ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ራስ ዳሸን ደግሞ 4,550 ሜትር ገደማ ነው። ዓይን የሚለካው ግን ከባሕር ሳይሆን እግር ከቆመበት መሬት ነው። ታይ ተራራ የሚነሣው ከሰሜን ቻይና ዝቅተኛ ሜዳ ሲሆን፣ በሥሩ ያለችው የታይ አን ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 150 ሜትር ብቻ ናት። ስለዚህ ከታች ለቆመ ሰው ከ1,300 ሜትር በላይ የሚሆን ግድግዳ ከለጥ ያለ የእርሻ ሜዳ ላይ ብድግ ብሎ ይታየዋል። ለማነጻጸር፣ ከመስቀል አደባባይ ሆኖ እንጦጦን ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ከ1,000 ሜትር ያነሰ ነው። ከደጋ ላይ ደጋ ማየት ለለመደ የሰሜን ተራሮች ነዋሪ ይህን ማሰብ ሊከብደው ይችላል። የቆላውን ሜዳ አሻግሮ በአንድ ጊዜ የሚነሣ ገደል ቢያስቡ ይቀርባል።

ሁለተኛው ምክንያት በግጥሙ ውስጥ አለ። ዱ ፉ ተራራው ስንት ክንድ እንደሆነ አይናገርም፤ «ረጅም» ወይም «ግዙፍ» የሚል ቅጽል በ40ዎቹ ቃላት ውስጥ አንድም የለም። በምትኩ ሁለት መንግሥታትን ጠርቶ ልምላሜው ሁለቱንም አልፎ እንደሚሄድ ይነግረናል። ተራራው የሚለካው በአገር ነው። ከአንዱ መንግሥት ተነሥቶ ሌላውን አልፎ የማያልቅ ነገር ምን ያህል እንደሆነ አንባቢው ራሱ ይገምታል። ይህ በቁጥር ከመናገር ይበልጣል።

ታሪኩም ክብደት ይጨምራል። ታይ ከአምስቱ የቻይና ቅዱሳን ተራሮች የምሥራቁ ነው። የመጀመሪያው የቺን ንጉሠ ነገሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ219 ለሰማይና ለምድር መሥዋዕት ያቀረበው እዚያ ነው። የታንግ ንጉሠ ነገሥት ሽዋንዞንግም ይህንኑ ሥርዓት በ725 ፈጽሟል፤ ያኔ ዱ ፉ ገና ልጅ ነበር። ስለዚህ «ዳይ ዞንግ» የሚለው ስም ብቻውን ለዘመኑ አንባቢ መላውን ቤተ መንግሥት ይዞ ይመጣል። «ዞንግ» ማለት የዘር አባት፣ አለቃ ማለት ነው፤ የተራሮች ሁሉ አባት እንደማለት።

ጥያቄ (የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)፦ ግጥሙን በሦስት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች አነበብኩት፤ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። በስልክ መተርጎሚያ ስሞክር ደግሞ «ባል»፣ «ሰዓት» የሚሉ ቃላት መጡብኝ። ቻይንኛ ሳልችል ግጥሙን በትክክል የማጣጥምበት መንገድ አለ?

አለ። ትርጉሞችን ከማወዳደርዎ በፊት የቃል በቃል ሠንጠረዥ ይሥሩ። አንድ ወረቀት ላይ 8 ረድፍና 5 ዓምድ ያስምሩ፤ 40 ሣጥን ይሆናል። እያንዳንዱ የቻይንኛ ፊደል አንድ ቀለም (አንድ የድምፅ ምት) ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሙሉ ቃል ነው። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ዓምድ መካከል ወፍራም መስመር ያስምሩ። ባለ 5 ቀለም ስንኝ የሚተነፍሰው እዚያ ነው፤ 2 ከዚያ 3። ይህችን መስመር የዘለለ አንባቢ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ይጠፋበታል።

ከዚያ ሣጥኖቹን እንዲህ ይሙሉ፦

ዳይ፣ የዘር አባት │ እንግዲህ፣ እንዴት፣ ያለ
ቺ፣ ሉ │ ልምላሜ፣ ገና ያል-፣ -አለቀ
መፍጠር፣ መለወጥ │ አከማቸ፣ ረቂቅ፣ ውበት
ጥላ፣ ፀሐይ │ ቆረጠ፣ ምሽት፣ ንጋት
ማናወጥ፣ ደረት │ ተወለደ፣ ንብብር፣ ደመና
መቅደድ፣ የዓይን ጠርዝ │ ገባ፣ ተመላሽ፣ ወፍ
መቼም፣ የግድ │ አልፎ መውጣት፣ የመጨረሻ፣ ጫፍ
አንድ፣ እይታ │ ብዙ፣ ተራራ፣ ትንሽ

ስልክዎ ያመጣቸው «ባል» እና «ሰዓት» ከየት እንደመጡ አሁን ይታያል። በአንደኛው ስንኝ ሦስተኛው ፊደል «ፉ» በዘመናዊ ቻይንኛ በብዛት «ባል» ማለት ነው፤ እዚህ ግን በጥንታዊው ቋንቋ «እንግዲህ፣ ለመሆኑ» የሚል ማሳሰቢያ ቃል ሲሆን ድምፁም ወደ ላይ ከፍ እያለ ይነበባል። በሦስተኛው ስንኝ ያለው «ጆንግ» ደግሞ በዛሬው በቀለለው አጻጻፍ ከደወልና ከሰዓት ጋር አንድ ፊደል ይጋራል። በቀድሞው አጻጻፍ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ነበሩ፤ የዚህኛው የመነሻ ትርጉም የወይን ጠጅ ዕቃ ነው፤ ከዚያም ማጠራቀም፣ በአንድ ቦታ ማከማቸት ወደሚል ተሻገረ። ስለዚህ ፍጥረት ውበቷን እንደ ጠጅ በአንድ ጋን ውስጥ ያጠራቀመች ያህል ነው።

ሌሎች ሁለት ወጥመዶችም አሉ። በሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ያለው ፊደል በዕለት ተዕለት ንግግር «ለ» ተብሎ ድርጊት መፈጸሙን የሚያመለክት ጭራ ነው። እዚህ ግን «ልያው» ተብሎ ይነበባል፤ ትርጉሙ «ማለቅ» ነው። «ለ» ብሎ ያነበበው ሰው ትርጉሙንም ያበላሻል፣ ቤቱንም ያፈርሳል። በአምስተኛው ስንኝ «ንብብር» ያልነው ፊደልም በተለመደው አጠቃቀሙ «ከዚህ በፊት» ማለት ነው፤ እዚህ ግን «ጸንግ» ተብሎ በሌላ ፊደል ምትክ የገባ ነው። በሕትመት ላይ ሁለቱንም አጻጻፍ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ስሕተት አይደለም።

ሠንጠረዡ ሲሞላ ግሦቹን ብቻ በቀይ ያክብቡ። ከ40ው ውስጥ ግጥሙን የተሸከሙት አከማቸ፣ ቆረጠ፣ ተወለደ፣ ገባ የሚሉት ናቸው። አራቱም የቆሙት በሦስተኛው ዓምድ፣ ከእረፍቷ መስመር ቀጥሎ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። አንባቢው ሁለት ቃል ሰምቶ ትንፋሽ ሲወስድ፣ ቀጥሎ የሚመጣበት ግሡ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው «ቆረጠ» ነው፤ ለሥጋና ለእህል የሚባለው ዓይነት መቁረጥ፣ የቢላዋ ሥራ። ተራራው ቀኑን ለሁለት ይቆርጠዋል። አንድ ተርጓሚ እዚህ ቦታ «ለየ» ወይም «ከፈለ» ካለ ግጥሙ ግማሽ ኃይሉን ያጣል።

በመጨረሻ፣ ገጣሚው በየስንኙ የት እንደቆመ በእርሳስ ይጻፉ። ሦስቱ የእንግሊዝኛ ትርጉሞችዎ የተለያዩበት ዋናው ምክንያት ይህን በየራሳቸው ስለወሰኑ ነው። በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረው የዱ ፉ ተንታኝ ቺዩ ጃውአው (1638–1717) አራቱን ጥንድ ስንኞች በእይታ ርቀት ከፍሏቸዋል። የመጀመሪያው ጥንድ ከሩቅ የሚታየው ቀለም ነው። ሁለተኛው ቀረብ ብሎ የሚታይ አቋም፣ ሦስተኛው በጥንቃቄ የሚታይ ዝርዝር፣ አራተኛው ደግሞ እስከ መጨረሻው የሚደርስ ምኞት ነው። ይህን አከፋፈል ይዘው ሲያነቡ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፦ ዓይኑ ይጠጋል እንጂ እግሩ አልተነቃነቀም። ዱ ፉ እስከ መጨረሻው ከታች ነው።

ጥያቄ (ያው ተማሪ)፦ ታዲያ ከጫፉ ላይ ሆኖ ወደ ታች እያየ ነው የሚል ማብራሪያ ያነበብኩት ስሕተት ነው?

ስሕተት ነው፤ በጣም የተለመደም ስሕተት ነው። የመጨረሻው ጥንድ ስንኝ ስለ ጫፍ ስለሚናገር ብዙዎች ገጣሚው የወጣ ይመስላቸዋል። ሰባተኛው ስንኝ የሚጀምረው ግን «ኁይ ዳንግ» በሚሉ ሁለት ቃላት ነው፤ «መቼም ቢሆን የግድ፣ አይቀርም» ማለት ነው። ገና ያልሆነ ነገር ነው። ርእሱም ይህንኑ ይላል። «ዋንግ» ማለት ከሩቅ አሻግሮ ማየት ነው፤ በዚያው ላይ ተስፋ ማድረግ የሚል ትርጉምም አለው።

ጊዜውን ማወቅ እዚህ ላይ ይረዳል። ግጥሙ የተጻፈው በ736 አካባቢ ነው። ዱ ፉ 24 ዓመት ገደማው ነበር፤ ለመንግሥት ሹመት የሚያበቃውን ፈተና ወድቆ በምሥራቁ አገር ይዘዋወር ነበር፤ አባቱም ከተራራው ብዙ በማይርቀው በያንጆ ሹም ነበሩ። ግጥሙ ስለ ፈተናው አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ «ወድቄአለሁና እነሣለሁ» የሚል ትርጓሜ በግድ አይጫኑበት። ግን ይህን የጻፈው ከአናት ላይ የቆመ ባለሥልጣን ሳይሆን ከሥር የቆመ ወጣት መሆኑን ማወቅ «የግድ» የምትለዋን ቃል ድምፅዋን ይለውጠዋል።

ከመጨረሻው ስንኝ በስተጀርባ ሌላ ድምፅም አለ። የኮንፊሽየስ ተከታይ በነበረው ፈላስፋ በመንግዝ መጽሐፍ እንደተጻፈው፣ ኮንፊሽየስ የምሥራቁን ኮረብታ ሲወጣ የሉ አገር አነሰችበት፤ ታይን ሲወጣ ዓለም ሁሉ አነሰችበት። የዱ ፉ አንባቢዎች ይህን በቃላቸው ያውቁት ነበር። ዱ ፉ ግን ዓለምን አያሳንስም፤ ተራሮችን ብቻ ነው የሚያሳንሰው። የሊቁን ቦታ ልውሰድ አላለም፤ ወደዚያው እንደሚወጣ ብቻ ተናገረ። ይህ ልከኝነት የግጥሙ ምርጥ ነገር ይመስለናል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ «ዪንና ያንግ ምሽትንና ንጋትን ይቆርጣል» የሚለው ጥልቅ ፍልስፍና ነው? እንዴት ልረዳው?

መጀመሪያ እንደ መልክዓ ምድር ይረዱት። የሁለቱ ቃላት የጥንት ትርጉም የተራራ ጎኖች ናቸው፤ ዪን ጥላ የሚያርፍበት ሰሜናዊ ጎን፣ ያንግ ፀሐይ የሚያገኘው ደቡባዊ ጎን። ብዙ የቻይና ከተሞች እስከ ዛሬ በስማቸው መጨረሻ «ያንግ» የሚሉት ከተራራ በስተደቡብ ወይም ከወንዝ በስተሰሜን ስለተቆረቆሩ ነው።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ የሚያነብ ሰው በቀላሉ የሚስተው ነገር አለ። ታይ ተራራ በሰሜን ኬክሮስ 36 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት፤ ስለዚህ የሰሜኑ ጎን ሁልጊዜ የጥላ ጎን ነው። አዲስ አበባ ግን በ9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትታየው። እንጦጦ ላይ የጥላ ጎን በየወቅቱ ይለዋወጣል፤ ታይ ላይ አይለዋወጥም። የቻይናው ገጣሚ «ጥላ» እና «ሰሜን» የሚሉትን በአንድ ቃል መጥራት የቻለው ለዚህ ነው።

ሥዕሉን አሁን ይሳሉት፦ ተራራው ከመግዘፉ የተነሣ በአንድ ሰዓት ላይ አንደኛው ጎኑ ነግቶለት ሌላኛው ገና ይጨልማል። «ሰማይን ነካ» ሳይል ከፍታውን እንደነገረን ልብ ይበሉ። ፍልስፍናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዪንና ያንግ ፍጥረትን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ኃይሎች ስለሆኑ ተራራው የሚቆርጠው ብርሃንን ብቻ ሳይሆን የፍጥረትን ሥርዓት ጭምር ነው። መጀመሪያውኑ ከፍልስፍናው የተነሣ አንባቢ ግን ተራራውን ሳያይ ያልፋል።

ስለ ቀለሙም ጥቂት እንበል፤ ብዙዎች ጠይቀዋልና። «ልምላሜ» ብለን የተረጎምነው «ቺንግ» አረንጓዴንም ሰማያዊንም የሚይዝ አንድ ቃል ነው። ቅርብ ያለ ተራራ አረንጓዴ ሲሆን ርቀቱ ሲጨምር በመካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ይበልጥ ስለሚበትን ተራራው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቺንግ ይህን ጉዞ ሁሉ ይይዛል፤ ከእግር ሥር ካለው ሣር እስከ አድማሱ ጭጋግ። በአማርኛ «አረንጓዴ» ካሉ ርቀቱን ያጣሉ፤ «ሰማያዊ» ካሉ ሕይወቱን።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ ግጥሙን ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞክሬአለሁ። መጨረሻውን እንዲህ አደረግሁት፤ አርሙልኝ።
«ከታላቁ ተራራ ከጫፉ ላይ ቆሜ፣
ዓለምን አየኋት ከእግሬ ሥር አጋድሜ።»

ቤቱ በሚገባ ገጥሟል፤ ጆሮዎ ጥሩ ነው። የሚታረሙ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ «ቆሜ» እና «አየኋት» ድርጊቱን ፈጸሙት፤ ዱ ፉ ግን ገና አልወጣም። ሁለተኛ፣ «ዓለምን» የኮንፊሽየስ ነው፤ የዱ ፉ ቃል «ተራሮች» ነው። ሦስተኛ፣ «አጋድሜ» የድል አድራጊ ቃል ነው። በዋናው ግጥም ተራሮቹን ማንም አልጣላቸውም፤ ከላይ ሲታዩ አነሱ እንጂ።

በየወል ቤት ልክ፣ 6 ቀለም በ6 ቀለም፣ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

መውጣቴ አይቀርም ከጫፉ ጫፍ ድረስ፣
ባንድ እይታ ላየው ጋራው ሁሉ ሲያንስ።

«አይቀርም» የ«ኁይ ዳንግ»ን እርግጠኝነት ይይዛል፤ «ላየው» ደግሞ ገና እንዳላየው ያሳያል። አማርኛ እዚህ ላይ ትልቅ ዕድል አለው። ቻይንኛው የሚያበቃው «ትንሽ» በሚለው ቃል ነው፤ አማርኛም ማሠሪያውን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «ሲያንስ» በራሱ መንገድ በመጨረሻው ቦታ ላይ ያርፋል።

የሚያስቸግረው አምስተኛው ስንኝ ነው። «ማናወጥ፣ ደረት፣ ተወለደ፣ ንብብር፣ ደመና»፤ የማን ደረት? ቻይንኛው ባለቤቱን አይናገርም። የተራራው ደረት ከሆነ ደመናው ከገደሉ እየተግተለተለ ይወጣል ማለት ነው፤ የገጣሚው ደረት ከሆነ ደመናውን ሲያይ ልቡ ተናወጠ ማለት ነው። ዋናው ሁለቱን በአንድ ላይ ይይዛል። አማርኛ «ደረቴ» ወይም «ደረቱ» እንድንል ይገፋፋናል፤ ያኔ አንዱ በር ይዘጋል። መውጫው ባለቤት የሌለውን ስም ማስቀመጥ ነው፦ «ደረት የሚያናውጥ»። ትንሽ ደረቅ ይላል፤ ግን ሁለቱንም በር ክፍት ያደርጋል። ቀጣዩም ስንኝ እንዲሁ ነው፤ ወፎቹ ወደ ተራራው ይገባሉ፣ በዚያውም ወደ ዓይን ይገባሉ። የዓይን ጠርዝ «የሚቀደደው» ሰውዬው ዓይኑን ሳያርገበግብ አፍጥጦ ትንንሾቹን ወፎች እስኪጠፉ ስለሚከተላቸው ነው። «በትኩረት ተመለከተ» ብለው አያለስልሱት፤ ሕመሙ መቅረት የለበትም።

በሦስተኛው ስንኝ «ፈጣሪ» ብለው መተርጎምዎንም አይተናል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ቃል ወዲያው እግዚአብሔርን ያመጣል። «ዛው ኋ» ግን ነገሮችን የሚያስገኝና የሚለዋውጥ የተፈጥሮ ኃይል እንጂ የሚጸለይለት አምላክ አይደለም። «ፍጥረት» ወይም «ተፈጥሮ» ይሻላል።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ሰምና ወርቅ አለው?

በቅኔያችን ትርጉም የለውም። አንድን ሐረግ በሌላ መንገድ ከፋፍሎ ወይም አጥብቆና አላልቶ ሌላ ትርጉም የሚያወጣ ኅብረ ቃል ዱ ፉ እዚህ አልሠራም። ያለው ከላይ እንደ ደረቱ ያየነው ዓይነት ክፍትነት ነው፤ አንዱ ከሌላው ሥር አልተደበቀም፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይታያሉ። ወርቅ ፍለጋ ሲቆፍሩ ሰሙን እንዳያጡት፤ እዚህ ተራራው ራሱ ነው ወርቁ።

ጥያቄ (ሲቪል መሐንዲስ፣ ከዱባይ)፦ ሊ ባይ ስለ ሉ ተራራ ፏፏቴ ሲጽፍ «3,000 ቺ ቁልቁል ይወረወራል» ይላል። አሰላሁት፤ ሊሆን አይችልም።

ስሌትዎ ትክክል ነው። የርዝመት መለኪያ የሆነው የታንግ ዘመን ቺ ወደ 30 ሳንቲሜትር ስለሆነ 3,000 ቺ 900 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሉ ተራራ (ከሉ መንግሥት ጋር አይገናኝም) ራሱ ከ1,500 ሜትር ያነሰ ነው፤ ከፏፏቴዎቹ ረጅሙ የሚባለውም 155 ሜትር አካባቢ ነው። 3,000 በቻይና ግጥም ውስጥ «እጅግ ብዙ» ማለት ነው እንጂ ልኬት አይደለም። ማረጋገጫው ቀጣዩ ስንኝ ነው። ሊ ባይ (701–762) ወዲያው «የሰማይ ወንዝ ከዘጠነኛው ሰማይ የወደቀ ይመስላል» ይላል። የሰማይ ወንዝ የሚሉት እኛ ፍኖተ ሐሊብ የምንለውን የከዋክብት ጎዳና ነው። ቁጥሩ ወደዚያ የሚያወጣ መሰላል ነው፤ ቀድሞ ጆሮን ካላሰፋ የሰማዩ ወንዝ ድንገተኛ ይሆናል። ልብ የሚባለው ቃል «ይመስላል» የሚለው ነው፤ ገጣሚው ራሱ እየተጠራጠረ መሆኑን ይነግርዎታል። ዱ ፉ በዚህ ረገድ ፍጹም ይለያል፤ በተራራው ግጥም ውስጥ ያለው ቁጥር «አንድ» ብቻ ነው።

ጥያቄ (ዕቃ ከቻይና የምታስመጣ ነጋዴ፣ ከመርካቶ)፦ ከጓንጆ የገዛሁት ሥዕል ላይ ከፍተኛ ተራሮች፣ በረዶና አንዲት ጀልባ አሉ። በጀልባዋ ውስጥ ያለው ሰው የጥፍር ያህል ነው። ከጎኑ 20 ፊደላት ተጽፈዋል። ምንድን ነው? ሰውዬውስ ለምን እንዲህ አነሰ?

ከላኩልን ፎቶ እንደምናነበው የሊዩ ዞንግዩዋን (773–819) «የወንዝ በረዶ» ነው። 4 ስንኝ በ5 ቀለም፤ ሐሳቡም፦ «በሺህ ተራሮች ላይ የወፍ በረራ ጠፋ፤ በዐሥር ሺህ መንገዶች ላይ የሰው ዱካ ተደመሰሰ። በብቸኛዋ ጀልባ ሣር ካባና የሣር ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ፣ ብቻውን በቀዝቃዛው ወንዝ በረዶ ያጠምዳል።»

የየስንኙን የመጀመሪያ ቃል ብቻ ከላይ ወደ ታች ያንብቡ፦ ሺህ፣ ዐሥር ሺህ፣ ብቸኛ፣ ብቻውን። ከብዙ ወደ አንድ ይወርዳል። ተራሮቹ የገዘፉት ሰውዬው ስላነሰ ነው፤ ሠዓሊው ሰውዬውን በሁለት ጣት ቢያሳድገው ተራሮቹ ጉብታ ይሆናሉ። የመጨረሻው ስንኝ ደግሞ ዓሣ አይልም፤ «በረዶ ያጠምዳል» ተብሎም ሊነበብ ይችላል። ሊዩ ዞንግዩዋን በ805 ከቤተ መንግሥት ተባርሮ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዮንግጆ ተልኮ ነበር፤ ግጥሙም የዚያ የግዞት ዘመን ነው ይባላል። ሥዕሉን ሲሰቅሉ ከዓይን ትይዩ ትንሽ ከፍ ያድርጉት፤ ጀልባዋ ከታች ስለሆነች መጀመሪያ ዓይን ተራራውን ያገኛል፣ ከዚያ ሰውዬውን ይፈልጋል።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ የዱ ፉን ግጥም ጮክ ብዬ በቻይንኛ ማንበብ እፈልጋለሁ። ቤት ይመታል?

ይመታል፤ በየሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ፦ ልያው፣ ሽያው፣ ንያው፣ ሽያው። በዛሬው የቤጂንግ አነጋገር አራቱም በሦስተኛው ቃና ናቸው፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ መልሶ ከፍ ይላል። በሁለቱ «ሽያው» አይታለሉ፤ አንዱ «ንጋት» ሌላው «ትንሽ» ነው፤ በዱ ፉ ዘመንም አነባበባቸው አንድ አልነበረም። የሁለተኛው ጥንድ ስንኝ ለልምምድ ይበቃል፤ በጭረቷ ላይ ትንሽ ቆም ይበሉ፦

ዛው ኋ │ ጆንግ ሸን ሽዩ፣
ዪን ያንግ │ ገ ኹን ሽያው።

«ገ» ማለት «ቆረጠ» ነው፤ አጭርና ደረቅ አድርገው ይጣሉት።

ስለ ስልቱ የሚጽፉ ብዙዎች 8 ስንኝ ስላዩ ብቻ በጥብቅ የቃና ሕግ የሚመራው «ሉሽ» ነው ይሉታል። አይደለም። ሉሽ በተለምዶ ቤቱን «ጠፍጣፋ» በሚባለው ቃና ይመታል፤ የዚህ ግጥም ቤት ግን «ጠማማ» በሚባለው ቃና ነው፤ የመካከሉ ቃናዎችም ሕጉን አይከተሉም። የጥንታዊው ነፃ ስልት ግጥም ነው። ሆኖም መካከለኞቹ ሁለት ጥንዶች ቃል በቃል ይመሳሰላሉ፤ «ደረት» በ«ዓይን ጠርዝ» ትይዩ፣ «ደመና» በ«ወፍ» ትይዩ። በሠንጠረዥዎ ላይ አንዱን ረድፍ ከሌላው ሥር ሲያዩት ይገለጥልዎታል።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ በዚሁ ርእስ ፈልጌ ያገኘሁት ግጥም ስለ ቺ እና ስለ ሉ ምንም አይልም። ተሳስቻለሁ?

አልተሳሳቱም። ዱ ፉ በዚህ ርእስ ሦስት ግጥሞች ጽፏል፤ አንዱ ስለ ምሥራቁ ታይ፣ አንዱ ስለ ምዕራቡ ኋ ተራራ፣ አንዱ ስለ ደቡቡ ኸንግ ተራራ። የወጣትነቱ የታዩ ነው። የያዙት ግጥም «ዳይ ዞንግ» ብሎ ካልጀመረና 8 ስንኝ በ5 ቀለም ካልሆነ፣ ከሌሎቹ ሁለቱ አንዱ ነው።